የኤፍራይን ጎረቤቶች

እትዬ አልታዬ ኡሙልኸይርን ያስጠሯት አሜሪካ ለመሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። በርበሬ ሊልኩ መስሏት ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ አስተርፋ ነበር። ከመካነ ሰላም አንድ ሰው ባሕር ሊሻገር ነው ከተባለ በርበሬና ሽሮ ከየቤቱ መምጣቱ ያለ ነው። እትዬ አልታዬ ግን የጨርቅ ሱቃቸውን በር ገርበብ አድርገው፣ ከሟቹ ባላቸው ወንድም ከጋሽ አምባቸው ጎን በርጩማ አቀረቡላት።

«አንቺ ለእኔ ከትንሳኤ አትለዪም» አሉ።

«እንዴታ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሰውየውን አጣሪልኝ።»

ኡሙልኸይር የሂጃቧን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች። የትኛው ሰውዬ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ትንሳኤ የእትዬ አልታዬ ሁለተኛ ልጅ ናት። ከኡሙልኸይር ጋር አጥር ለአጥር አድገው፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረው፣ ዲቪ ደርሷት ሎስ አንጀለስ ከገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እዚያ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። አሁን ልታገባ ነው። የምታገባው ኤፍራይን የሚባል፣ ወገኖቹ ከሜክሲኮ የመጡ፣ በከተማዋ በሚገኘው የሜክሲኮዎች የድሮ ገበያ ከአያቱ ጋር የቆዳ ጫማ የሚሸጥ ልጅ ነው። እትዬ አልታዬ ኤፍሬም ይሉታል። የሃይማኖቱን ነገር ከነፍስ አባታቸው ጋር ተመካክረው፣ ልጁም በእኛ ሥርዓት ይሁን ብሎ፣ ያ ጉዳይ አልቋል።

የቀረው ማጣራቱ ነበር። እትዬ አልታዬ በዚህ ቀልድ አያውቁም። ትልቋን ልጃቸውን ሙሉሐረግን የሰውየውን ደመወዝና ቁመና ብቻ አይተው ማሻ ከተማ ለሚሠራ ሰው ድረው፣ አጅባር ላይ ሌላ ሚስትና ልጆች እንዳሉት የሰሙት ሙሉሐረግ ካረገዘች በኋላ ነው። ሙሉሐረግ ተመልሳ እናቷ ቤት ገብታለች፤ ያን ጊዜም ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናዋን ታንቀሳቅስ ነበር። እትዬ አልታዬ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ለዚህ ነው።

«የዚህ ሰው ነገር ካላማረሽ አልድራትም» አሉ። «ትንሳኤ ያለ እኔ ምርቃት አታገባም፤ ምላለች። እኔም ሳላጣራ አልመርቅም፤ እኔም ምያለሁ።»

ጋሽ አምባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በአገሩ ሰው በማጣራት የሚታወቁት እሳቸው ናቸው። አቀስታ ገበያ በግ የሚገዙ መስለው ገብተው፣ በግም ሳይገዙ፣ የአንድን ቤተሰብ ሦስት ትውልድ ይዘው ማታ ይመለሳሉ።

«ቤቱ አትሂጂ» አሉ። «ቤት ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚቀበልሽ። ገበያው ሂጂ። ጎኑ ከሚቀመጠው ሰው ትንሽ ነገር ግዢ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው አውጊ። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርገሽ ጠይቂ። ቤቱ የት ነው፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ ሌላ አገር ይመላለሳል ወይ፣ ሌላ ስም አለው ወይ። የማሻው ሰውዬ አጅባር ላይ በሌላ ስም ነበር የሚታወቀው። ደግሞ የሱን ዓይነት ዕቃ የሚሸጠውን ሰው እንዳታልፊው። ወዳጅ ያሞካሽልሻል፤ ገበያ የሚሻማው ሰው ግን ለማን ብሎ ይደብቃል?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰው ማናገር…»

«አብሽሪ! አንቺን ማን ይጠረጥርሻል? ድመት እንኳ ካንቺ ይበልጥ ኮሽታ አላት።»

እትዬ አልታዬ አልሳቁም። «ሰው ስለ ጎረቤቱ ክፉ ነገር በአፉ አያወጣም» አሉ። «አላውቀውም ካሉሽ ይበቃሻል። አብሮት እየዋለ አላውቀውም ያለ ሰው ምን እያለሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ኡሙልኸይር ታውቃለች። መካነ ሰላም ላይ የሰው ትዳር አፈረሰ መባል የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ልጁ ሰካራም ወይም ተደባዳቢ ከሆነ፣ ከሱ ጋር አንድ ግድግዳ ተደግፎ የሚውለው ሰው ሳይቀር «እንጃ፣ ብዙም አላውቀውም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ጠያቂው አመስግኖ ይሄዳል፤ ሠርጉም ይቀራል።

«እሺ፣ ኸይር ይሁን» አለች። ለትንሳኤም ላትናገር ቃል ገባች።

መሰናዶ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ድምፅዋ ከፊተኛው ዴስክ አያልፍም እያሉ ተማሪዎቿ ያሾፉባታል። ለሦስት ሳምንት የመምህራን ሥልጠና ስትመረጥ ባልደረቦቿ «አንቺ አሜሪካ ሄደሽ ማንን ልታናግሪ ነው?» ብለዋት ነበር። አሁን ጭራሽ ሰላይ ሆና ልትሄድ ነው።

ሎስ አንጀለስ በገባች በመጀመሪያው ቅዳሜ ሥልጠና አልነበረም። ትንሳኤ ተረኛ ስለነበረች፣ «ነገ መጥቼ ወስጄ አስተዋውቅሻለሁ፤ ዛሬ ተኝተሽ ዋዪ» ብላ ደወለችላት። ኡሙልኸይር ግን አልተኛችም። ከማደሪያዋ በር ላይ አውቶቡስ ይዛ፣ ትልቁ ባቡር ጣቢያ ወርዳ፣ መንገዱን ተሻግራ ገባች። የሥልጠናው ካርድ አንገቷ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ይህን እንዳታወልቁ» ስለተባሉ ከመኝታ በቀር አታወልቀውም።

ገበያው እንደጠበቀችው ትልቅ አልነበረም። መኪና የማይገባበት፣ በሸክላ የተነጠፈ አጭርና ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኙን ያረጁ ቤቶች ተደርድረዋል፤ አንደኛው ከጭቃ ጡብ የተሠራ ነው፣ ታሪኩ በሩ ላይ ተጽፏል። መሐሉን ደግሞ ትናንሽ የእንጨት ሱቆች ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው ከላይ እስከ ታች ይዘልቃሉ። አሻንጉሊት፣ ባለ ጥልፍ ቀሚስ፣ ሰፌድ የሚያክል ባርኔጣ ተሰቅሏል። የበርበሬ ዛላ በገመድ ተሰክቶ ተንጠልጥሎ ስታይ ቀረብ ብላ አሸተተች። ሽታው ለስላሳ ነው፤ አያስነጥስም።

የገረማት የገበያተኛው ማነስ ነው። ቅዳሜ ሆኖ ሻጩ ከገዢው ይበዛል። ነጋዴዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ሰው በመጣ ቁጥር በመጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ልብሱን ያያሉ። የሐምሌ ገበያ መሰላት፤ ሰማዩ ላይ ግን ደመና የለም።

ኤፍራይንን በፎቶ ስለምታውቀው አላጣችውም። ተንበርክኮ ለአንዲት ሽበታም ቱሪስት ሰንደል ጫማ እያለካት ነበር። ጸጉሩን ወደ ኋላ ያስያዘ፣ ቀጭን፣ እጁ ላይ የቀለም እድፍ ያለበት ልጅ ነው። ወደሱ አልሄደችም። በጋሽ አምባቸው ትምህርት መሠረት ጎኑ ካለችው ሻማ ሻጭ ዘንድ ቆመች። ሴትየዋ ወፈር ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ናት።

ኡሙልኸይር አንድ አረንጓዴ ሻማ ገዛች። ሴትየዋ ከጠቀለለችላት በኋላ ጣት የሚያክል ሌላ ሻማ ጨመረችላት።

«ይሄ ምንድነው?» አለች በእንግሊዝኛ።

«ምራቂ ነዋ። እኛ ገበያ እንዲህ ነው።»

ኡሙልኸይር ልቧ ረጋ። ሻጭ የሚመርቅበት ገበያ ከሆነ መንገዱንም ታውቀዋለች ማለት ነው።

«ገበያው ቀዝቅዟል» አለች።

«ሰው ከቤቱ መውጣት ፈርቶ ነው፣ ልጄ።»

ኡሙልኸይር ስለ ገበያ የሚወራው ወሬ በዚህ አለቀ ብላ ወደ ጉዳይዋ ገባች። «ያ ጫማ ሻጭ ልጅ ጎበዝ ይመስላል። ወገኖቹ ከየት ናቸው?»

የሴትየዋ እጅ ቆመ። መነጽሯን አደረገችና መጀመሪያ ካርዱን፣ ቀጥሎ ኡሙልኸይርን አየች። «የትኛው ልጅ?»

«ኤፍራይን። እናቱ የት ነው የተወለደችው? አብራው ነው የምትኖር?»

«አላውቀውም» አለች ሴትየዋ። ልጁ እጇን ብትዘረጋ ትከሻውን የምትነካው ያህል ቅርብ ነበር።

ኡሙልኸይር አንድ ሰው ብቻውን አይታመንም፣ ተቀያይመው ይሆናል ብላ ወደ ፊት ለፊቱ ተሻገረች። እዚያ አንድ ነጭ ፂም ያለው ሰውዬ የቆዳ ቦርሳ፣ ቀበቶና እንደ ኤፍራይን ያለ ሰንደል ይሸጣል። ገበያ የሚሻማው ሰው ይሄ ነው። ቀበቶ አንሥታ እያገላበጠች የተማረችውን ሁሉ ጠየቀችው፤ ልጁ የት እንደሚኖር፣ ቤት ውስጥ ስንት እንደሆኑ፣ ሌላ ከተማ ይመላለስ እንደሆነ፣ ሌላ ስም ይኖረው እንደሆነ።

«ኤፍራይን?» አለ ሰውየው። «እዚህ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ከዚያ ዕቃ እንደሚያሻሽጥ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ በስፓኒሽ አንድ ነገር ተናገረ። ቀጥሎም ቀበቶውን ከእጇ ወስዶ ሰቀለና፣ ይቅርታም ሳይል መንገዱን አቋርጦ የኤፍራይንን ሱቅ ሸራ አወረደ፤ ገመዱንም ራሱ አሠረው። ኡሙልኸይር ዞር ስትል ልጁ የለም። ቱሪስቷ ብቻ አንድ እግሯ ላይ አዲስ ሰንደል፣ አንድ እግሯ ላይ ካልሲዋን አድርጋ ግራ ቀኝ ታያለች።

ዳር ላይ ረጃጅም ሊጥ በዘይት እየጠበሰች ስኳር የምትነሰንስበት ወጣት ሴት ነበረች። ኡሙልኸይር አፏን ሳትከፍት ሴቲቱ አንዱን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት።

«ብዪና ሂጂ» አለቻት። «ገንዘብሽን አልፈልግም።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያ ጥብስ ጭኗ ላይ ቀዘቀዘ። ሦስት ሰው ጠይቃለች፤ ሦስቱም ጀርባ ሰጥተዋታል። መካነ ሰላም ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። እዚያ ቢያንስ «እንጃ» ይባላል፤ ትንሽ ይታፈራል። ይሄ ልጅ ምን ቢያደርግ ነው ስሙ ሲጠራ ሱቅ የሚዘጋው? ትንሳኤ የላከችላትን ፎቶዎች ከስልኳ አውጥታ አየች፤ በሁሉም ላይ ትንሳኤ ትስቃለች።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ እትዬ አልታዬ ደወሉ። እዚያ መሽቷል።

«እህ? አገኘሽው?»

«አገኘሁት፣ እትዬ። አላናገርኩትም። ጎረቤቶቹን ነው የጠየቅኩ።»

«ምን አሉ?»

መዋሸት አልለመደችም። «አላውቀውም አሉ።»

«ስንቱ?»

«ሁሉም። ያ የቆዳ ነጋዴውም።»

«ገባኝ» አሉ እትዬ አልታዬ። «ዛሬ ሰንበት ነው፤ ልጄን በሰንበት አላስለቅሳትም። ነገ እነግራታለሁ። አንቺ እንዳታውቅብሽ ተጠንቀቂ። አላህ ያክብርልኝ፣ ከአንድ ጉድ አወጣሽን።»

ትንሳኤ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ኡሙልኸይር መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ሳትዘጋ፣ «ዛሬ ገበያው ይቅርብን፣ ኡሙ» አለቻት። «ኤፍራይን ትናንት ቤቱ አላደረም። እናቱንም ይዟት ሄዷል። የት እንዳሉ ለእኔም አልነገረኝም።»

«ምን ሆኖ?»

«ትናንት ገበያው ውስጥ ስለሱ የምታጠያይቅ ሴት መጥታ ነበር። የት ይኖራል፣ እናቱ የት ተወለደች፣ ሌላ ስም አለው ወይ እያለች። እዚህ እኮ ዘንድሮ የኢሚግሬሽን ሰዎች ከየቦታው ሰው እየወሰዱ ነው። ወረቀት ያለውም የሌለውም ይፈራል። ማንም ስለማንም ቢጠየቅ አይናገርም።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ካርድ ያንጠለጠለች፣ ሻርፕ ያሰረች ጥቁር ሴት ናት አሉ። አሁን ደግሞ ስደተኛ የምትመስል ሰው መላክ ጀመሩ ብሎ…»

ዓይኗ የኡሙልኸይር አንገት ላይ አረፈ። ከካርዱ ወደ ሂጃቧ ወጣ።

«ኡሙ?»

ኡሙልኸይር ጉልበቷን አየች።

«ኡሙልኸይር! አንቺ ነሽ?»

«እናትሽ… አጣሪልኝ ብለውኝ ነው።»

ትንሳኤ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። የምትስቅ መሰለች፤ ግን አልሳቀችም። «ጋሽ አምባቸው አሠልጥኖሽ! 'ገበያ የሚሻማውን ጠይቂ' ብሎሽ፣ አይደል? አቦ፣ እነዚህ ሰዎች ባሕር እንኳ አያግዳቸው!» ከዚያ ድንገት ፊቷ ተለወጠ። «ለእማዬ ነገርሻት እንዴ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ምን ብለሽ?»

«ሁሉም አላውቀውም አሉ ብዬ።»

ትንሳኤ የመካነ ሰላም ልጅ ናት፤ ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሙሉሐረግ ልብሷን በሻንጣ ይዛ የተመለሰች ቀን በሩን የከፈተችላት እሷ ነበረች። ሞተሩን አስነሣች።

«ገደልሽኝ» አለች በዝግታ። «ነይ፤ ያበላሸሽውን ራስሽ ታስተካክያለሽ።»

ገበያው ሲደርሱ የኤፍራይን ሱቅ ሸራ ግማሹ ተነሥቶ አያቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ዶኛ ኩካ ይሏቸዋል፤ ዶኛ እንደ እትዬ ማለት ነው፤ ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ አሮጊት ናቸው። ወስፌ ይዘው ሶል ይሰፋሉ። ኡሙልኸይርን ከትንሳኤ ኋላ ሲያዩ ወስፌውን አላስቀመጡም። ሻማ ሻጯ ብድግ አለች። የቆዳ ነጋዴው መንገዱን ተሻገረ። ሊጥ ጠባሿ እንኳ እሳቷን ቀነስ አድርጋ መጣች።

«ንገሪያቸው» አለች ትንሳኤ።

ኡሙልኸይር ጀመረች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ልማዷ ደረቷ ላይ ቀረ።

«አልሰማንም» አለ ነጋዴው። «ትናንት እንኳ ደህና ትናገሪ ነበር።»

ካርዱን ከአንገቷ አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «መምህር ነኝ» አለች፤ ይህን ጊዜ ድምፅዋን ራሷም ሰማችው። «የመንግሥት ሰው አይደለሁም። ይሄ የሥልጠና ካርድ ነው። ከትንሳኤ እናት ነው የተላክሁት። በእኛ አገር ሴት ልጅ ከመዳሯ በፊት ሰው ገበያ ይሄድና የልጁን ጎረቤቶች ይጠይቃል። የት ይኖራል፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ ሌላ ሚስት አለችው ወይ ይባላል። ለሁሉም ልጅ ይደረጋል። እናንተ የምትፈሩትን አላወቅሁም። ማወቅ ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ትንሳኤ በስፓኒሽ ደገመችላቸው። ከዚያ ሻማ ሻጯ አፏን በእጇ ይዛ መንፈቅፈቅ ጀመረች።

«ሌላ ስም አለው ወይ ያለችው ለሚስት ነው!» አለች።

«ታዲያ እኔ ስለዚህ ልጅ ደግ ደጉን መናገር ነበረብኝ?» አለ ነጋዴው፤ ዶን ላሎ ይባላል። «ዋጋ እየሰበረ ደንበኛዬን ስለሚወስድብኝ ልጅ? ብትነግሪኝ ኖሮ አንድ ሰዓት ሙሉ አማልሽ ነበር!»

ዶኛ ኩካ አልሳቁም። «ለእናትየዋ ምን አልሻት?» ብለው ጠየቁ።

«ጎረቤቶቹ አላውቀውም አሉ ብዬ።»

«ይሄ በእናንተ ምን ማለት ነው?»

«ልጃችሁን አትስጡት ማለት ነው።»

አሮጊቷ ወስፌውን አስቀመጡ። ትንሳኤን አዩ፤ እሷም አንገቷን ነቀነቀች። «ደውይላት» አሉ። «አሁኑኑ።»

እዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። እትዬ አልታዬ በአንድ ጥሪ አነሡ፤ ከኋላቸውም የጋሽ አምባቸው ሳል ተሰማ። እሑድ እሑድ ራት አብረው ነው የሚበሉት። ኡሙልኸይር ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ምንም አልዘለለችም። ስለ ቱሪስቷ ካልሲ ሳይቀር።

«ቆይ» አሉ ጋሽ አምባቸው። «መንግሥት መጣበት ብለው ነው አላውቀውም ያሉት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ያ ገበያ የሚሻማውም?»

«እሱማ በአገሩ የለም አለ።»

«ሱቁንስ ማን ዘጋለት?»

«እሱ ራሱ። የሱን ሱቅ ክፍት ትቶ ሄዶ አሠረለት።»

«የሱን ክፍት ትቶ!» አሉ ጋሽ አምባቸው። «አልታዬ፣ ሰምተሻል? እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ይህን የሚያህል ምስክር አግኝቼ አላውቅም። ሲያሞካሹም ሲያሙም ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ሲደብቁ ግን…»

«የማሻውን ሰውዬ ጎረቤቶቹ ለግማሽ ኪሎ ስኳር በሸጡት ነበር» አሉ እትዬ አልታዬ። ከዚያ ድምፃቸው ተስተካከለ። «እናቱ ደህና ናት? ሴትየዋን ከቤቷ አስወጣናት እኮ። ለአያትየዋ ይቅርታ በይልኝ። መርሃባ ብለናል በያት። ግን ወጉ አይቀርም። ሽማግሌ ይላኩ።»

ትንሳኤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«መቼ?» አለች ኡሙልኸይር።

«ጎረቤቶቹ እዚያው ቆመው የለም እንዴ? ፊታቸውን አሳዪን።»

ዶኛ ኩካ ይህ ሲተረጎምላቸው ገበያውን ግራና ቀኝ ቃኙ። መጀመሪያ ዶን ላሎን በጣታቸው ጠቆሙ። ቀጥሎ ሻማ ሻጯን። ጋሽ አምባቸው ሴት ሽማግሌ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ፤ እትዬ አልታዬ «ዝም በል፣ እሷም ደብቃዋለች» አሏቸው።

ስልኩ በሰንደሎቹ መሐል ተደግፎ ቆመ። መካነ ሰላም ላይ የጨርቅ ሱቁ አምፖል፣ ሁለት ፊት፣ ከኋላም መጋረጃውን ገልጣ የምታይ ሙሉሐረግ ታዩ። ዶን ላሎ ወንበር ሲስብ ኡሙልኸይር ክንዱን ያዘችው።

«ተቀመጡ እስኪሏችሁ ቆማችሁ ነው። ባርኔጣዎንም ያውልቁ።»

አወለቀ። በዚህ መሐል ኤፍራይን ከገበያው ጫፍ እየሮጠ መጣ፤ ሊጥ ጠባሿ ደውላለት ነበር። ትንሳኤ ልትጠራው እጇን ስታነሣ ኡሙልኸይር ቀደመቻት።

«ተደበቅ!» አለች በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብላ። «ሽማግሌዎች እየተናገሩ ሙሽራ አይታይም!»

ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ሸራው ኋላ ገባ።

«ከየት መጣችሁ? ምን ፈልጋችሁ?» አሉ ጋሽ አምባቸው፣ የማያውቁ መስለው፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ዶን ላሎ ተንተባተበ። ከዚያ ግን ስለ ቤተሰቡ መናገር ጀመረ፤ የኤፍራይን አያት ከሱ ቀድመው እዚህ ጫማ መሸጥ እንደጀመሩ፣ እሱ ታሞ ሳለ ሱቁን ማን እንደከፈተለት፣ ልጁ ዋጋ ቢሰብርም ሰው እንደማያታልል። ሻማ ሻጯ የረሳውን እየጨመረች አረመችው። ትንሳኤ ስፓኒሹን ወደ አማርኛ ስታደርግ ድምፅዋ እየተቆራረጠባት ቆየች። ሁለት ገዢዎች ሻማ ይዘው ቆመዋል፤ የሚሸጥላቸው ግን የለም።

ሲጨርሱ እትዬ አልታዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ዶን ላሎ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወረ።

«ይቀመጡ» አሉ በመጨረሻ። «ሰምተናል። ዛሬ መልስ የለንም። በሚቀጥለው እሑድ ይመለሱ።»

ትንሳኤ ተርጉማ ሳትጨርስ ዶኛ ኩካን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። ዶን ላሎ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ወደ ኡሙልኸይር ጠጋ አለ።

«እምቢ አሉን ማለት ነው?»

«አይ» አለች። «እምቢ የሚሉትን ሰው ተመለስ አይሉትም። እሑድ ፂምዎን ተስተካክለው፣ ሸሚዝ ለብሰው ይምጡ።»